ሰዓት ሠሪው የአጥንት ሐኪም

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አንድ የአጥንት ሐኪም ሕይወትና ሥራ ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ ብሎንና ብረት ነው። እውነትም የሙያው መሣሪያዎች ናቸው። ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ እነዚህን መሣሪያዎች ጠንቅቀው የሚያውቁ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ስማቸው በዓለም የተጠራው ግን በጣቶቻቸውና በጀሶ በሠሩት ሥራ ነው። እግሩ ተቆልምሞ የተወለደን ሕፃን ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና መዳፉን መሬት ላይ አሳርፎ እንዲራመድ አደረጉ። ዘዴያቸው ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥም፣ በክልል ከተሞቻችን ባሉ ሆስፒታሎችም ይሠራበታል።

እኚህን ሰው የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በሕክምና ዓለም አዲስ ነገር መፍጠር ይከበራል፣ ይሸለማልም። የተሠራው ሥራ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን እንደሆነ ተመልሶ ማየት ግን ብዙ ሰው የማይደፍረው ነው። ዶክተር ፖንሴቲ ዕድሜያቸውን ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ የሌሎችንም የራሳቸውንም ሥራ እየተከታተሉ ያዩ ነበር። የሥራቸው ሁሉ ሥር ይህ ይመስለኛል።

ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ዶክተር ፖንሴቲ የተወለዱት በ1914 ነው። አገራቸው ስፔን፣ የትውልድ ስፍራቸው በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያለችው የሜኖርካ ደሴት ናት። አባታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ልጅየውም ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ሰዓት መፍታትና መግጠም ተማሩ። የእጅ ሰዓት ስትጠገን አይታችሁ ከሆነ ሥራው ምን ዓይነት ጣት እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። ጥርስ ያላቸው ጥቃቅን መዘውሮች እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲዞር ሌላው ይከተላል። በወረንጦ የያዙትን ክፍል በጉልበት ልግጠምህ ቢሉት ይሰበራል እንጂ አይገባም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ስለ እግር አጥንቶች ስንነጋገር ያስፈልገናል።

ሕክምና የተማሩት ባርሴሎና ነው። በ1936 የመጨረሻ ፈተናቸውን በጨረሱ ማግስት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ገና የተመረቁት ወጣት ሐኪም በሪፐብሊኩ ጦር ውስጥ ገቡ፤ የተመደቡትም ስብራት በሚታከምበት ክፍል ነበር። ቁስለኛው ብዙ፣ መሣሪያው ጥቂት ነው። የተሰበረን እግር በእጅ አስተካክሎ በጀሶ ማሰር የየቀኑ ሥራቸው ሆነ። ዛሬ ሰላም ባለበት አገር አንድ ወጣት ሐኪም በብዙ ዓመት የሚያገኘውን የእጅ ልምምድ እሳቸው በሦስት ዓመት ጦርነት ውስጥ አገኙት። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ልምዱ ግን አብሯቸው ቀረ።

በ1939 ሪፐብሊኩ ወደቀ። የባላጋራው የጄኔራል ፍራንኮ ጦር ሲቃረብ በእጃቸው ላይ ወደ አርባ የሚጠጉ ቁስለኞች ነበሩ። ጥለዋቸው አልሄዱም። የአካባቢውን መንገድ የሚያውቁ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ረዷቸው፤ ቁስለኞቹን በበቅሎ ጭነው የፒሬኒስን ተራሮች አቋርጠው ፈረንሳይ አደረሷቸው። የተሰበረ አጥንት የያዘ ሰው በበቅሎ ላይ ተራራ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለእኛ አገር አድማጭ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም። የስፔን ስደተኞችን ወደምትቀበለው ሜክሲኮ ተሻገሩ፤ ሁቺቴፔክ በምትባል ትንሽ ከተማም የሁሉ በሽታ ሐኪም ሆነው ሁለት ዓመት ያህል ሠሩ። በ1941 ሁዋን ፋሪል የሚባሉ የሜክሲኮ የአጥንት ሕክምና ፕሮፌሰር ረድተዋቸው ወደ አሜሪካ፣ ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እዚያ የነበሩት የክፍሉ ኃላፊ አርተር ስታይንድለር ራሳቸው ከአውሮፓ የመጡ፣ ቪየና የተማሩ ስመ ጥር የአጥንት ሐኪም ነበሩ። ፖንሴቲ በ1944 ልዩ ትምህርታቸውን ጨረሱ፤ በዚያው ቀሩ። የቀረውን ዘመናቸውን የኖሩት አዮዋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ስታይንድለር ለወጣቱ ሐኪም አንድ ሥራ ሰጧቸው። እግራቸው ተቆልምሞ ተወልደው በዚያ ሆስፒታል የታከሙ፣ ብዙዎቹም ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከዓመታት በኋላ ምን ደረሱ? ፈልጎ አግኝቶ መመርመር ነው። አድማጮች፣ ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ ሥራ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የአለቃህን የእጅ ሥራ ከዓመታት በኋላ መዝነው እንደ መባል ነው። ስታይንድለርን በዚህ ላይ አከብራቸዋለሁ፤ የራሳቸው ሥራ እንዲመረመር ያዘዙት ራሳቸው ናቸውና።

ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በልጅነታቸው እግራቸው የተቃና የመሰለው ሰዎች ካደጉ በኋላ እግራቸው ደርቆ፣ አልታጠፍም ብሎ፣ ሲራመዱም እያመማቸው ተገኘ። የጡንቻው ኃይል ደክሟል። ፖንሴቲ ምክንያቱን ሲያስቡ ወደ አንድ ነገር ደረሱ፤ ጠባሳ። ቀዶ ሐኪሙ እግሩን ለማቃናት ጅማቶቹን ይቆርጣል፣ የመገጣጠሚያውን ሽፋን ይከፍታል። የተቆረጠው ሲድን ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደግሞ እንደ ጤነኛ ጅማት አይለጠጥም። ልጁ ባደገ ቁጥር እግሩ በውስጡ እየታሰረ ይሄዳል።

ታዲያ ያለ ቢላዋ ይቃናል ወይ? ከእሳቸው በፊትም የሞከሩ አልጠፉም። የግሪኩ ሂፖክራተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ የተቆለመመ እግርን ቀስ ብሎ በእጅ እያቃኑ በጨርቅ መጠቅለልን ጽፎ ትቷል። በፖንሴቲም ዘመን በአሜሪካ አትላንታ የነበሩት ሂራም ካይት በጀሶ ብቻ ለማቃናት ዓመታት የደከሙ ሰው ናቸው። ግን የካይት መንገድ ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ ውጤቱም ሌሎች ሐኪሞች እጅ ላይ አልሰምር አለ። ፖንሴቲ ምክንያቱን ለማወቅ ወደ አጥንቶቹ ተመለሱ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትን እግር በጥንቃቄ እየከፈቱ አጠኑ፤ እግር ሲንቀሳቀስ አጥንቶቹ እንዴት እንደሚዞሩም በተንቀሳቃሽ የራጅ ፊልም አዩ።

ያገኙትን ነገር በሬዲዮ ለማስረዳት የራሳችሁን እግር ተውሰን እንጠቀም። የተመቻችሁ ጫማችሁን አውልቁ። ከቁርጭምጭሚታችሁ በውጭ በኩል ወጣ ያለው አጥንት አለ፤ ከእሱ ትንሽ ወደ ፊት አውራ ጣታችሁን አሳርፉ። ከጣታችሁ በታች ታለስ የሚባለው አጥንት ራስ አለ። ታለስ በቅልጥምና በተረከዝ መካከል የተቀመጠ፣ አንድም ጡንቻ ያልተጣበቀበት አጥንት ነው። የቀረው የእግር መዳፍ፣ ተረከዙንም ጨምሮ፣ በዚህ አጥንት ዙሪያ ይዞራል። ተቆልምሞ በተወለደ እግር ላይ ያለው ችግር ይህ ነው፤ ታለስ በቦታው እያለ መዳፉ በሙሉ ከሥሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ገብቷል።

እግሩ በአራት ዓይነት መንገድ ተጣሟል። የመዳፉ ቅስት ከልክ በላይ ገብቷል፤ የፊቱ ክፍል ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ተረከዙ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ከኋላ ያለው የተረከዝ ጅማት አጥሮ ጣቶቹ ቁልቁል ተሰክተዋል። የቀድሞ ሐኪሞች አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር። ፖንሴቲ አጥንቶቹ አብረው የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን አዩ። የሰዓት ሠሪ ልጅ የሆነ ሰው ይህን ማየቱ አይገርመኝም። አንዱን መዘውር ይዘህ ሌላውን ለብቻው ላዙር ብትል አይሆንም። መዳፉ ወደ ውጭ በትክክል ከተዞረ ተረከዙ ማንም ሳይነካው አብሮ ይዞራል። ለዚህ ግን የማይነቃነቅ ምሰሶ ያስፈልጋል፤ ምሰሶውም አሁን አውራ ጣታችሁ ያረፈበት የታለስ ራስ ነው። የካይት ስህተት እዚህ ላይ ነበር። ካይት የሚጫኑት ከዚያ ወደ ፊት፣ በመዳፉ የውጭ ጠርዝ ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ ሲጫኑ ተረከዙ እንዳይዞር ራሳቸው ያግዱት ነበር። የጥቂት ሳንቲሜትር ልዩነት ናት። የወራትና የዓመታት ልፋት በእሷ ምክንያት ይባክን ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጅማቶቹ ነው። ጠብቆና አጥሮ የተወለደ ጅማት ሳይቆረጥ እንዴት ይረዝማል? የጅማት ዋና ነገሩ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሕፃን ጅማት ክሮች ሞገድ ሞገድ ሆነው ይታያሉ። ቀስ ብሎ ሲለጠጥ ሞገዱ ይቃናል። በዚያው ርዝመት ታስሮ ጥቂት ቀን ከቆየ ክሮቹ እንደገና ሞገድ ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ ሌላ ጥቂት መለጠጥ ይቻላል። ጀሶው በየሳምንቱ ተፈትቶ እንደገና የሚታሰረው ለዚህ ነው። እናቶች አንዳንዴ «ለምን በአንድ ጊዜ አይጨርሱልኝም?» ይላሉ፤ መልሱ ጅማቱ ውስጥ ነው ያለው።

ፖንሴቲ ስለ ኮላጅን ብዙ ያወቁበት ሌላ ጥናትም ነበራቸው፤ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በ1950ዎቹ የአከርካሪ አጥንት ለምን እንደሚጣመም ሲፈልጉ ለወጣት አይጦች ጣፋጭ አተር የሚባለውን የአበባ ተክል ዘር አበሏቸው። የአይጦቹ አከርካሪ ተጣመመ፤ ጅማት ከአጥንት ጋር የሚጣበቅበት ቦታም ላላ። ዘሩ ውስጥ ያለው መርዝ የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ የሚቆላለፉበትን ሥራ የሚያውክ ሆኖ ተገኘ። ይህ ተክል የእኛ ጓያ ዘመድ ነው። ወገኑ አንድ ነው፣ ዝርያው ይለያል። ጓያ በድርቅ ዘመን ለብዙ ጊዜ ያለ ሌላ እህል ሲበላ እግር እንደሚያስር ገበሬዎቻችን ያውቁታል። የጓያ መርዝ የሚጎዳው ነርቭን ነው፣ የአይጦቹ ዘር ደግሞ ጅማትንና አጥንትን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ግን የጓያ ዘመድ የሆነ ተክል በአዮዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሕፃናትን እግር ለማቃናት የሚረዳ እውቀት ማስገኘቱ ልብ ይነካል።

እንግዲህ ዘዴው ምን ይመስላል? ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀመራል። ባለሙያው አውራ ጣቱን ታለስ ራስ ላይ ያሳርፋል፣ በሌላው እጁ መዳፉን ለጥቂት ጊዜ በእርጋታ ወደ ውጭ ይገፋል። ሕፃኑ ካለቀሰ አያያዙ ይፈተሻል፤ ማሳመም የለበትም። ከዚያ ጀሶ ይታሰራል። ጀሶው ከጣት ጫፍ እስከ ብሽሽት ነው፤ ጉልበቱ ታጥፎ ይታሰራል። ከጉልበት በታች ብቻ የታሰረ ጀሶ ይንሸራተታል፣ መዳፉንም ዞሮ እንደተገኘበት አያስቀረውም። ሳምንት ሲሞላ ይፈታል፣ እንደገና ይገፋል፣ እንደገና ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጀሶ ይበቃል።

በመጨረሻ የሚቀረው ከኋላ ያለው የተረከዝ ጅማት ነው። ይህ ጅማት እንደ ሌሎቹ አይለጠጥም። ስለዚህ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ በአካባቢ ማደንዘዣ በቀጭን ምላጭ፣ በቆዳው ላይ በምትሠራ ጠባብ ቀዳዳ በኩል ይቆረጣል። ስፌት አያስፈልገውም። ወዲያው ጀሶ ይታሰርና ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ጀሶው ሲፈታ ጅማቱ ረዝሞ ተጋጥሟል። ቀዶ ሕክምና ከተባለ ያለው ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ፖንሴቲ በ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ1963 በታወቀው የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ሰሚ አላገኘም። እነዚያ ዓመታት ቀዶ ሕክምና እየገፋ የመጣበት ዘመን ነው፤ ማደንዘዣው ተሻሽሏል፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱ በዝቷል። በ1970ዎቹ እግሩን ከኋላና ከውስጥ ከፍቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማቃናት በየአገሩ ተለመደ። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ እግሩ ያኔውኑ ቀጥ ይላል፤ ሐኪሙም ወላጁም ደስ ይላቸዋል። የሚደርሰው ጉዳት የሚታየው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም ቆሞ አላየውም። በዚህ መካከል ብዙ ሺህ ሕፃናት ባይቆረጡ የሚሻላቸውን ቆዳና ጅማት ተቆርጠዋል። ይህን ስናገር ያሳዝነኛል፤ መልሱ ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ ነበርና።

እሳቸው ግን ታካሚዎቻቸውን መከታተል አላቆሙም። አዮዋ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ሰዎች ከአካባቢው ብዙም አይርቁም፣ ፋይሎችም በሥርዓት ይቀመጣሉ። በአከርካሪ መጣመም ላይም ተመሳሳይ ክትትል አድርገው የትኛው ጥምዘት እንደሚብስ፣ የትኛው እንደማይብስ በ1950 ጽፈዋል። በ1995 ሁለት የአዮዋ ሐኪሞች በፖንሴቲ ዘዴ የታከሙ 45 ሰዎችን ፈልገው መረመሩ። ሰዎቹ በአማካይ 34 ዓመት ሆኗቸዋል። ከእነሱ ውስጥ 78 ከመቶው እግራቸው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ለማነጻጸር በእግራቸው ላይ ምንም ችግር ሳይኖር የተወለዱ 97 ሰዎችንም ጠይቀዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ እንዲህ የሆነላቸው 85 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ተቆልምሞ የተወለደ እግር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከጤነኛው ጋር ሊወዳደር ቀረበ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1996፣ ፖንሴቲ ስለ ዘዴው መጽሐፍ አሳተሙ። 82 ዓመታቸው ነበር። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ወደየቤቱ መግባት ጀምሮ ነበር። ለልጆቻቸው ቀዶ ሕክምና የታዘዘላቸው ወላጆች መረጃ ሲፈልጉ የእኚህን ሽማግሌ ስም አገኙ፣ ተነስተው አዮዋ ሄዱ፣ ለሌሎች ወላጆችም ነገሩ። የሙያ ጉባኤዎች ለሠላሳ ዓመት ያላደረጉትን ወላጆች በጥቂት ዓመታት አደረጉት። ሐኪሞቹ የተከተሉት ወላጆቹን ነው።

ስለ ሰውየው የግል ሕይወትም ጥቂት ልበላችሁ። ባለቤታቸው ሄሌና ፐርካስ ስፔናዊት ነበሩ፤ በግሪኔል ኮሌጅ የስፓኒሽ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆነው አስተምረዋል። ስለ አርጀንቲና ሴት ገጣሚያን ጽፈዋል። ዋናው የዕድሜ ልክ ሥራቸው ግን «ዶን ኪሆቴ»ን የጻፈው ሰርቫንቴስ ነበር፤ በ1975 ስለ ሰርቫንቴስ የጥበብ አመለካከት ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። እንግዲህ በአዮዋ ሜዳ መካከል ባለው በዚያ ቤት ውስጥ አንዷ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ዓመት ከዓመት እየደጋገሙ ያነባሉ፤ አንዱ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያከሟትን አንዲት እግር ተመልሰው ያያሉ። ሁለት ስደተኞች ናቸው፤ ከአገራቸው በእጃቸው የቀረላቸው ቋንቋውና መጻሕፍቱ ናቸው። ሥራቸው የተለያየ ቢመስልም ሁለቱም አንድን ነገር ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ የማየት ትዕግሥት ነበራቸው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መኖር ለአንድ ሐኪም ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ትምህርት ይመስለኛል።

በ1984 ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ክሊኒካቸው ተመለሱ። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው ከየአገሩ ለሚመጡ ሐኪሞች እጃቸውን በእጃቸው ላይ እያደረጉ አስተማሩ። ይህ የእጅ ሙያ በጽሑፍ ብቻ አይተላለፍም፤ በ1963ቱ ጽሑፍ ዘመን የታየውም ይኸው ነው። 95 ዓመታቸውን ይዘው፣ አሁንም በሥራ ላይ ሳሉ፣ በ2009 ዐረፉ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በዓለም ላይ ከሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እግሩ ተቆልምሞ ይወለዳል፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ እጥፍ ይሆናሉ፤ ከተጠቁት ግማሽ ያህሉ በሁለቱም እግራቸው ነው። በአገራችን ይህ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው በእናትየው ላይ ነው። እርግማን ነው፣ በእርግዝናዋ ወራት ያልተገባ ነገር አይታ ነው ይባላል። እናቶች፣ እናንተ ያደረጋችሁት ምንም የለም። በቤተሰብ ውስጥ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በአብዛኛው ግን ምክንያቱ አይታወቅም። ልጁን ሸሽጎ ማሳደግም ይቅር። አሜሪካዊቷ ክሪስቲ ያማጉቺ እግሯ እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደችው፤ በ1992 በበረዶ ላይ መንሸራተት የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች።

ወጌሻዎቻችንም የሚሰሙኝ ካሉ በአክብሮት የምለው አለኝ። እጃችሁ ለብዙ ዘመን የኅብረተሰቡ ሐኪም ሆኖ ኖሯል። ፖንሴቲም በእጅ የሚያምኑ ሰው ነበሩ። የሕፃን የተቆለመመ እግር ግን የሚገፋበት ቦታ በጣት ስፋት የሚለካ ነው፤ ካይትን የመሰለ ሰው ተሳስቶበታል። በቀርቀሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም ከልክሎ እግሩን ሊያሳጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲመጣላችሁ ወደ ሆስፒታል መላካችሁ ትልቅ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ በዚህ ዘዴ ይሠራል። በሌሎች ከተሞች ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎችም በዘዴው የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉ። ዘዴው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ኡጋንዳና ማላዊ ውስጥ ቀዶ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች ጀሶውን በሚገባ እያሰሩ ልጆች እንዲድኑ አድርገዋል።

ጀሶ የታሰረለት ሕፃን ቤት ሲገባ ጣቶቹን እዩ። ጣቱን ጫን ብላችሁ ስትለቁት ነጥቶ ወዲያው መቅላት አለበት። ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ፣ ወይም ጀሶው ተንሸራቶ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ከተደበቁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ተመለሱ።

ጀሶው ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሕፃኑ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ ይደረግለታል። ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እስኪሞላው ማታ ማታና ቀን ሲተኛ ብቻ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል፣ ጎረቤትም «ምን ታሰቃዩታላችሁ፣ ድኖ የለም ወይ?» ይላል። እግሩ ግን ወደ ነበረበት ለመመለስ ዝግጁ ነው፤ ከሚመለሱት አብዛኞቹ ጫማው የተተወባቸው ናቸው። ጫማው ቆዳውን ካቆሰለው ወደ ክሊኒኩ ወስዳችሁ አሳዩ፣ ራሳችሁ አትተዉት። ፖንሴቲም በስተርጅናቸው ከአንድ የአዮዋ ባለሙያ ጋር ሆነው የጫማውን ውስጥ ለስላሳ ለማድረግ ብዙ የደከሙት ይህን ስለሚያውቁ ነው። እግሩ መመለስ ከጀመረ እንደገና ጀሶ ይታሰራል፤ ከፍ ላለ ልጅ ደግሞ አንዱን ጅማት ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ሥራ ሊያስፈልግ ይችላል።

«ልጄ አድጓል፣ እየተራመደ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል» የምትሉ ወላጆችም ትኖራላችሁ። በ2014 በኢትዮጵያ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሟል። ሳይታከሙ የቆዩ፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው 22 ልጆች ነበሩ፤ 32 እግሮች መሆናቸው ነው። በፖንሴቲ ጀሶና በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ታክመው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ጀሶው ከጨቅላው ይልቅ ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ስለዚህ በእግሩ ጀርባ እየረገጠ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ በሰፈራችሁ ካለ ዕድሜውን አትዩ፤ አባቱን ወይም እናቱን አናግራችሁ ልጁን የሠለጠነ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲወስዱት ንገሯቸው።